ነፋሱን የመረጠው ሰው

ኦዜል ፔትዌይ የለስተርን ፀጉር ቤት በር በከፈተ ቁጥር ከውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር ሳይል አይቀርም። በበረዶው ወራት ደግሞ ተዘጋጅተው ነው የሚጠብቁት።

«በሩን ዝጋው!» ይላል ለስተር መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ ሳያርቅ። «አንዴ ነፋስ መርጠህ ያመጣህብንን አይተናል።»

«እሱ ምን ያድርግ? ወዳጁ ነው ተከትሎት የሚመጣው» ይላል ክሊተስ፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ ከጥግ ወንበሩ ሳይነሳ።

ኦዜል ይስቃል። ሠላሳ አራት ዓመት ስቋል። ኮቱን ይሰቅላል፣ ጋዜጣ ያነሳል፣ ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል። ሳቁ ከልቡ ይሁን አይሁን የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም ራሱን መጠየቅ ከተወ ቆይቷል።

ሃርመን ቤይ በሰሜን አሜሪካ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ያለች የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ የቀራት ሐይቁና የኳስ ቡድኗ ነው። ቡድኑ «መርከበኞቹ» ይባላል። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ተይዛ ይሮጥባታል፣ በእጅ ትወረወራለች፣ አልፎ አልፎ ብቻ በእግር ትመታለች። መርከበኞቹ ለፍጻሜ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቷቸው የነበረው በአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ1975 ታኅሣሥ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እዚያ ደርሰው አያውቁም። ከተማው ስለዚያ ቀን የሚያወራው ሰው ዘመዱ ስለ ሞተበት ሌሊት እንደሚያወራ ነው። ሁሉም የነበረበትን ቦታ ያስታውሳል።

ኦዜል ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ተከላካይና አምበል። ጥቁር ሰው አምበል መሆኑ ገና ለብዙዎች ባልተዋጠበት ዘመን ነው። አባቱ ከአላባማ የጥጥ እርሻ ወጥቶ በፋብሪካው ምድጃ ፊት ሃያ ሁለት ዓመት የቆመ ሰው ነበር፤ ልጁ ሜዳ ሲገባ በድምፅ ማጉያ ስሙ ሲጠራ ለመስማት ሲል ብቻ እየቀደመ ገብቶ ይቀመጥ ነበር።

መደበኛው ሰዓት አሥራ ሰባት ለአሥራ ሰባት አለቀ። ያኔ የጭማሪ ሰዓት ደንብ አጭር ነበር፤ ቀድሞ ነጥብ ያስቆጠረ አሸነፈ፣ ጨዋታውም እዚያው ላይ አበቃ። ሌላው ቡድን ኳሷን ነካ አልነካ ደንቡ ግድ የለውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሳንቲም ይጣላል። ዕጣ የወጣለት ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ኳሷን፣ ወይ ነፋስ ከጀርባው የሚሆንበትን የሜዳ ወገን። አንዱን ከወሰደ ሌላው ለባላጋራው ነው።

አሰልጣኝ ስቶዳርድ ኦዜልን የራስ ቁሩን ብረት ይዞ ወደ ራሱ ሳበው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ባንዲራዎቹን ሊገነጥል ነበር።

«ዕጣው ከወጣልን ነፋሱን እንወስዳለን» አለው። «ኳሷን አትውሰድ። ነፋሱን። ሰማህ?»

ኦዜል ሰማ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ስድስት ዓመት ሙሉ አሰልጣኙ ያለውን ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ደግሞም ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። እንግዶቹ ኳሷን ይዘው ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጣሉ፣ አንድ እርምጃ አይራመዱም፣ ተስፋ ቆርጠው በእግር ወደ እኛ ሲመቷት ነፋሱ አፍኖ እዚያው ይጥልባቸዋል፤ ያኔ እኛ ከቅርብ ተነስተን እንጨርሳለን። ኦዜል ወደ መሃል ሜዳ እየሄደ በልቡ ያሰላው ይህንን ነበር።

የእንግዶቹ አምበል የሰው ምስል ያለበትን ገጽ መርጦ «ሰው» ብሎ ጠራ። ሳንቲሙ ወደቀ፤ ንስሩ ወደ ላይ ነበር። ዕድል እንኳ ከኦዜል ጋር ነበረች። ዳኛው ደረቱ ላይ ማይክሮፎን ነበረው፤ «ምን ትመርጣለህ?» ሲል ሥልሳ ሺህ ሰው ሰማ። ኦዜል «ነፋሱን እንወስዳለን» ሲልም ሥልሳ ሺህ ሰው ሰማ። አባቱም ሰማ። ከሜዳው ሁሉ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ኦዜል እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በኋላ የሰማው ፋብሪካው የሚዘጋ ቀን፣ ዜናው በአዳራሹ ሲነበብ ነው።

እንግዶቹ ኳሷን አልወረወሯትም። አንድ ጊዜ እንኳ። ነፋስ በእጁ ኳስ ይዞ በመሬት የሚሮጥ ሰውን ምን ያደርገዋል? ሦስት ያርድ፣ አራት ያርድ፣ ሁለት ያርድ፣ አምስት። ዘጠኝ ደቂቃ እንዲህ እየቆረሱ መጡ። አንዴ ኦዜል ሯጩን በቁርጭምጭሚቱ ያዘው፤ ጭቃ ነበር፣ አመለጠው። በመጨረሻ ከአሥራ ዘጠኝ ያርድ በእግር መቷት፤ ኳሷ በነፋሱ ውስጥ ተንገዳግዳ፣ የግራውን ቋሚ ልትነካ ምንም ሳይቀራት፣ ገባች። ሃያ ለአሥራ ሰባት። አለቀ።

የመርከበኞቹ ወርዋሪ ዶይል ክሬንሾ ነበር፤ ኳስ በሩቁ እየወረወረ የከተማውን ልብ የወሰደ ሰው። በዚያ ጭማሪ ሰዓት ከሜዳው ዳር ቆሞ ጨረሰ። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ የተናገረው ታተመ፦ «እኔ ኳሷን አልነካኋትም። ከዚህ በላይ ምን ልበል?» ይህች ቃል በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ተለጠፈች። አሰልጣኙ ስለ ምርጫው ሲጠየቅ «አምበሉ ሜዳ ላይ ያለውን ነፋስ ከእኔ በላይ ያውቃል» አለ። ኦዜል አላስተባበለም። አንድ ቀን አሰልጣኙ ራሱ ይናገራል ብሎ ጠበቀ። በመጋቢት ቡድኑ ኦዜልን አሰናበተው። ከስድስት ዓመት በኋላ አሰልጣኙ ሞተ፤ ሳይናገር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜው የማንም ሰው ዕድሜ ነው። ፋብሪካው እስኪዘጋ እዚያ ሠራ፣ ከዚያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጎ ዳረ። ከቨርዴል ጋር አርባ ዓመት ኖረ። ግን አንድ ሥራ ነበረው ማንም ያልሰጠው። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ለሊጉ ደብዳቤ ይጽፋል። ደንቡ ይለወጥ፤ ሁለቱም ቡድን ኳሷን አንድ አንድ ጊዜ ይያዙ፤ የሰው ድካም በሳንቲም አይፈረድበት። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ጽፏል። በየዓመቱ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈች አንድ አንቀጽ መልስ ትመጣለታለች፤ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን የምትል።

በፀጉር ቤት ይህን ክርክር የማያውቅ ወንበር እንኳ የለም።

«በቤዝቦል አንዱ መትቶ ሲጨርስ ሌላውን ‹አንተ ወደ ቤትህ ሂድ› ይሉታል?» ይላል ኦዜል። «ፍርድ ቤት አንዱን ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል?»

«አንተ ግን ምን ነበርክ?» ይለዋል ክሊተስ። «ተከላካይ አልነበርክም? ደሞዝ የሚከፈልህ ልትከላከል ነው፤ ተከላከላ! እኔ ደብዳቤ ሳላደርስ ስቀር በነፋስ አመካኝቼ አላውቅም።»

«የኔን ደብዳቤ አንዴ በውሻ አመካኝተሃል» ይላል ለስተር።

«ያ ውሻ ሳይሆን ጅብ ነበር፤ የሚስትህ እናት ነች ያሳደገችው።»

ይሳሳቃሉ። ኦዜል ግን በሳቁ መሃል የክሊተስ ቃል ይወጋዋል። እውነት ነዋ። ደንቡ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ አፉ የመረጠው፣ እጁ ያመለጠው። ደንቡ ጠማማ ከሆነ ግን እሱ የተበደለ ሰው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ነበር። ማታ መብራት ካጠፋ በኋላ የሚይዛት አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረችው፤ ዶይል ኳሷን አንዴ ቢይዛት ኖሮ ያሸንፉ ነበር። ያኔ ነፋሱ ተራ ስህተት ይሆን ነበር፤ እንደማንም ሰው ስህተት የሚረሳ።

በ2010 ጥር ከሊጉ የመጣው መልስ ከወትሮው የተለየ ነበር። ሁለት ገጽ ነው። የደንብ ኮሚቴው በጸደይ ስብሰባው የጭማሪ ሰዓትን ጉዳይ እንደሚያይ፣ በዚያ ደንብ የተሸነፉ የቀድሞ ተጫዋቾች ቃል እንደሚነበብ፣ ቃሉ በአንድ ጨዋታ በተሰለፉ ሁለት ሰዎች መፈረም እንዳለበት ይናገራል። ኦዜል ደብዳቤውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለቨርዴል አነበበላት።

«ሁለተኛው ማን ነው?» አለችው።

ስሞቹን በልቡ ዘረዘረ። ግማሾቹ ሞተዋል። ከአጠገቡ ይሰለፍ የነበረው ግዙፉ ሰው ሚስቱን «አንቺ ማን ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሆኗል፤ ራሱን ብዙ ጊዜ ተመቷል።

«ዶይል» አለ።

ቨርዴል የምታጥበውን ድስት አስቀመጠች። «ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን ደውሎልህ ያውቃል?»

«ሰው ሥራ ይበዛበታል ቨርዲ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት የሚበዛ ሥራ ምን ዓይነት ነው? ልግባበት።»

«ይፈርማል።»

«መፈረሙንማ ይፈርም ይሆናል» አለች። «አንተ ግን የምትሄደው ለፊርማ አይደለም።»

እሷ እንዲህ ናት፤ አንዴ ተናግራ ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

ዶይል የሚኖረው ሐይቁን ይዞ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ ቦታ ነው። ኦዜል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። መንገዱ በሙሉ ምን እንደሚለው ሲለማመድ ነበር። በሩን የከፈተችለት የዶይል ልጅ ሼሪ ናት፤ አባቷ ሳንባው እንደታመመና ብዙ እንዳያደክመው በሹክሹክታ ነገረችው።

«አምበል!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «አምበሌ ነው? ግባ፣ ግባ! ሼሪ፣ ይህ ሰው ነው እየበላ ጋባዡን የሚያስለቅስ። ከአንድ ግብዣ ላይ የአሥራ አንድ ሰው ሥጋ ብቻውን ጨርሷል።»

«ስምንት ነበርን» አለ ኦዜል። ደስ አለው። አምበል ብሎ የጠራው ሰው ከስንት ዘመን በኋላ ነው።

ዶይል ከስቷል፤ አፍንጫው ላይ የአየር ቱቦ አለ። ግን ዓይኑ ያው ነበር፤ ሜዳ ላይ ሰውን አታልሎ ወዲያ እያየ ወዲህ የሚወረውርበት ዓይን። ሼሪ የአጋዘን ሥጋ ያለበት የባቄላ ወጥ በትኩስ ዳቦ አቀረበችላቸው። ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ስለ ሞቱት አወሩ፣ አሰልጣኝ ስቶዳርድ ያደርገው በነበረው ባርኔጣ ሳቁ። ኦዜል ከዚያ ለኮሚቴው የጻፈውን ቃል አወጣ።

ዶይል መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመ።

«ይህችን ልፈርም አልችልም።»

ኦዜል የጠበቀው መልስ ነበር፤ መንገድ ላይ ተለማምዶበታል። «ደንቡ ትክክል ነው ልትለኝ ነው? ተከላካይ ይከላከል ልትለኝ ነው?»

«ደንቡን ተወው። ደንቡ ይለወጥ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ይህችን ነው።» ጣቱን አንድ መስመር ላይ አኖረ።

ኦዜል አጎንብሶ ማየት አላስፈለገውም። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፏታል። *ወርዋሪያችን ዶይል ክሬንሾ ኳሷን አንድ ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ ለፍጻሜ ያደርሰን ነበር።*

«እውነት እኮ ነው» አለ።

«አይደለም አምበል።»

«ትሕትና አታብዛ...»

«ትሕትና አይደለም።» ዶይል ቀኝ ክንዱን አነሳ። ደረቱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ወንበሩን ተደግፎ ሊያሻግራት ሞከረ፣ አልሄደችም። «ዛሬ እዚህ ድረስ ትመጣለች። ያን ቀን ይህን ያህልም አልነበረችም። የጨዋታው ሦስተኛ ክፍል ላይ ያ ቀይ ፂም ያለው ሰውዬ የወደቀብኝ ትዝ ይልሃል? ያኔ ነው ያለቀላት።»

ኦዜል ትዝ አለው። ሌላም ነገር ትዝ አለው። ከዚያ በኋላ ዶይል ኳሷን አንድ ጊዜ እንኳ አልወረወራትም፤ ለሯጮቹ እያቀበለ ነበር የጨረሰው። ሁሉም ለነፋሱ ብሎ ነው ብለው ነበር። ኦዜልም ብሎ ነበር።

«ለስቶዳርድ ነገርኩት» አለ ዶይል። «ክንዴ አትነሳም፣ ኳሷን ከወሰድን ያዩኛል አልኩት። ውሌ በዚያ ጸደይ የሚያልቅ ነበር። ክንዱ የተሰበረ ወርዋሪ ማን ያስፈርማል?»

«ተጠባባቂ ነበረን። ብራኒጋን ሰውነቱን አሙቆ ቆሞ ነበር።»

«አልወጣም አልኩ።»

«አልወጣም አልክ።»

«ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር አምበል። ልጅ ሊወለድልኝ ነበር፤ እሷ ናት።» ወደ ወጥ ቤቱ አየ። ሼሪ ሳህን ታንቀሳቅስ ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስቶዳርድ ትንሽ አሰበ። እንግዲያስ ነፋሱን እንወስዳለን፣ እስከዚያ ምናልባት ይሻልህ ይሆናል አለ። ማን ነው ወጥቶ የሚለው አልኩት። ‹ፔትዌይ ይበለው› አለ። ‹እሱ ለምን ብሎ አይጠይቅም።›»

ሳህኑ መንቀሳቀስ አቆመ፣ ከዚያ ውሃ ሲፈስ ተሰማ።

ኦዜል ማንኪያውን አስቀመጠ። አምበል የሆነበትን ምክንያት እስከዚያች ቀን ድረስ እንደ ምስጋና ነበር የያዘው። ታዛዥ ነው፣ ይታመናል፣ ቃል አያበዛም። አባቱም ይኮራበት የነበረው በዚሁ ነው።

«በጋዜጣ ግን» አለ። «‹ኳሷን አልነካኋትም› አልክ።»

«አልነካኋትም ነበር።»

«ዶይል።»

«አውቃለሁ።» ዶይል ዓይኑን ጨፈነ። «ያ ደንብ ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚሆን አስቤ አውቃለሁ። አንተ የምትለው ደንብ ያኔ ቢኖር፣ እነሱ ሦስት ነጥብ አግብተው ኳሷ ለእኔ ትመጣ ነበር። እኔም በማትነሳ ክንድ ሥልሳ ሺህ ሰው ፊት እወጣ ነበር። ያኔ ፀጉር ቤት ውስጥ ስሙ የሚነሳው የማን ነበር? የእኔ። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲመጣ ለዚያ ደንብ አምላኬን አመሰግን ነበር። ካንተ ደብቄ።»

ዶይል ውሉ ከታደሰለት በኋላ በበጋው በድብቅ ክንዱን በቀዶ ጥገና አስጠገነ፤ ዳነለት። ሦስት ዓመት ተጫወተ፣ ከዚያ መኪና ሻጭ ሆነ፣ ስሙ ሱቁ ላይ ተጻፈ። ይህንን ኦዜል ያውቀዋል። ያላወቀው ሌላ ነበር።

የተቀመጠበት ወንበር ጠበበው። ዶይልን ሊጮህበት ፈለገ፤ ቱቦው አየር ሲያስገባ ሲያስወጣ ይሰማዋል፣ በዚህ ላይ ምን ይጮሃል? ሰውየውን ሊያጋልጥ ይችላል። ለማን? ሠላሳ አራት ዓመት ዝም ብሎ፣ ሰውየው ሊሞት ሲል፣ ነፋሱ የእኔ አልነበረም ብሎ ጋዜጣ ላይ ይወጣል? ክሊተስ ምን እንደሚለው በጆሮው ሰማው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነበር። ማታ ማታ የሚይዛት ያቺ አንዲት ሐሳብ ውሸት ነበረች። ኳሷ ቢያገኟትም አያሸንፉም ነበር። ሁለቱም ቡድን ይያዝ፣ አንዱ ይያዝ፣ ሳንቲሙ ሰው ይሁን ንስር፣ ያ ጨዋታ ሦስተኛው ክፍል ላይ አልቆ ነበር። እሱ ሠላሳ አንድ ደብዳቤ የጻፈው ለአንዲት የማትነሳ ክንድ ነው።

«መስመሯን አውጣት፣ እፈርማለሁ» አለ ዶይል። «ደንቡ ራሱ ትክክል አይደለም እኮ። ስለ እኔ ብለህ ሳይሆን ስለ ደንቡ ላከው።»

ኦዜል እስክሪብቶ አወጣ። መስመሯን ሰረዘ፤ አንዴ አይደለም፣ ቃሎቹ እስኪጠፉ ድረስ። ከስር የቀረው ትክክል ነበር። ሳንቲም በሰው ድካም ላይ አይፍረድ ይላል። ግን አሁን የማንም ሰው ደብዳቤ ነበር፤ የትምህርት ቤት ድርሰት ይመስላል። ዶይል ፈረመ። ፊርማው አሁንም ያምራል፤ በስንት ሕፃናት ኳስ ላይ የፈረመበት እጅ ነው።

በር ላይ ዶይል «አምበል» ብሎ ጠራው። ይቅርታ ሊለው መሰለው። ኦዜል ዞር አላለም። እንዳይለው ፈጠን ብሎ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ቨርዴል ፊቱን አይታ አልጠየቀችውም። ከሦስት ቀን በኋላ ራሱ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ «ለልጆቹ ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ያልከውን።»

«አባታችሁ አፉን ለሰው አከራየ ብዬ?»

ከዚያ በኋላ በዚያ ነገር ላይ በቤታቸው አልተነጋገሩም።

መጋቢት ላይ ደንቡ ተለወጠ። የኦዜል ደብዳቤ ይሥራ አይሥራ ማንም አያውቅም፤ ከብዙዎች አንዱ ነበር። የከተማው ጋዜጣ ግን ፎቶውን አወጣ። ለስተር ፀጉሩን በነፃ አስተካከለው። ክሊተስ ተነስቶ እጁን ጨበጠው፤ ክሊተስ ለማንም አይነሳም።

«ተሸንፌልሃለሁ» አለው። «ይህ ደንብ ያኔ ቢኖር ዶይል ይጨርስልን ነበር። አንተ እንዳልከው።»

ፀጉር ቤቱ በሙሉ ወደ ኦዜል አየ። ይህን ያስተማራቸው እሱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ፈጅቶበታል።

«እንግዲህ» አለ ኦዜል፣ «ማን ያውቃል።»

«አሁን ደግሞ ትሕትና ጀመረ» አሉና ሳቁበት። ዶይል በዚያ ሰኔ ሞተ። በቀብሩ ላይ ቄሱ ‹ኳሷን ስላልሰጡት ሰው› ሰበኩ። ኦዜል ከአራተኛው ወንበር ሰማ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መርከበኞቹ ከሜዳቸው ውጭ ይጫወቱ ነበር። ለስተር እሑድ አይሠራም፤ ለጨዋታ ብቻ ይከፍታል። መደበኛው ሰዓት በእኩል ነጥብ አለቀ። ሳንቲም ተጣለ፣ ባላጋራዎቹ ኳሷን ወሰዱ፣ በእግር መተው ሦስት ነጥብ አገቡ። በድሮው ደንብ እዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ ይጠፋ ነበር።

«ቁጭ በሉ! አላለቀም!» ብሎ ጮኸ ክሊተስ። «ኦዜል ነው ያቆየን!»

«ለኦዜል!» አሉ፤ ጠርሙሶቻቸውን አነሱ። አንዱ ጀርባውን መታው።

የመርከበኞቹ ወርዋሪ ጃሊል ሞስ የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ኳሷን ተቀብሎ ወደ ፊት ይዟቸው መጣ፤ አርባ ያርድ ቀራቸው፣ ሠላሳ፣ ሃያ። ፀጉር ቤቱ በሙሉ ቆሟል። ልጁ አንድ ዓይነት ምልክት ከሜዳው ዳር ተቀበለ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ወደ ቀኝ ሮጦ ወረወረ። እዚያ የእሱ ሰው አልነበረም። የባላጋራው ተከላካይ እንደ ተላከለት ዕቃ በሁለት እጁ ተቀበላት።

ጨዋታው አለቀ። ካሜራው ወደ ልጁ ፊት ሄደና ቀረ። የራስ ቁሩን አውልቋል። ሌሎቹ በአጠገቡ እያለፉ ይወጣሉ፤ የነካው የለም። ካሜራው አልተነሳለትም።

«ወዴት ነው የወረወረው? ምኑን አይቶ?» አለ ለስተር።

«በደንቡ ማመካኘት እንኳ የለም አሁን» አለ ክሊተስ። «ተሰጥቶት ነው ያበላሸው። ፍትሕ ማለት ይህ ነው፤ ኦዜል፣ አይደለም?»

ኦዜል የልጁን ፊት እያየ ነበር። የሜዳው ዳር ምልክት ምን ይል ነበር? አንገቱን የነቀነቀው ለምን ብሎ ጠይቆ ነው፣ ወይስ ሳይጠይቅ?

«ወደዚያ ወርውር ብሎ ማን እንዳዘዘው ታውቃላችሁ?» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ማንስ ቢያዘው» አለ ለስተር። «እጁ የራሱ አይደለም?»

ኦዜል መልስ ነበረው። ሠላሳ አራት ዓመት የያዘው መልስ ነበር፤ እሱ አይደለም፣ ደንቡ ነው የሚል። ደንቡ ግን ተስተካክሏል፤ ራሱ ፈርሞበታል። ለዚህ ልጅ የሚሰጠው ምንም ነገር አልነበረውም። ሳንቲም የለም፣ ነፋስ የለም፣ ያልነካት ኳስ የለም። ልጁ አንድ ቀን ሥልሳ ዓመት ይሞላዋል።

«አጥፉት» አለ።

«ይቆይ፣ ይድገሙት፣ እንየው» አሉ።

ደገሙት። በዝግታ ደገሙት። አራተኛው ላይ ክሊተስ ለልጁ ስም አወጣለት። ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተንከተከተ፤ ለስተር እንባውን በመላጫ ፎጣ ጠረገ፣ አንዱ ስሙን ለሚስቱ ሊነግራት ስልክ አነሳ። ስሙ አጭር ነበር፣ ለአፍ ይመቻል። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከያዘ እንደማይለቅ ከዚያ ቤት ውስጥ ከኦዜል በላይ የሚያውቅ አልነበረም።